መልስ፦ የጀምስ ብሩስ የጉዞ መጽሐፍ ይታመናል ወይ?

ወንድሜ፣ «ብሩስ እውነተኛ ነው ወይስ ውሸታም?» ብለህ ለጠየቅከው፣ ያየውን ሲጽፍ እመነው፣ ስለ ራሱ ሲጽፍ ግን ተጠንቀቅ እልሃለሁ።

ስኮትላንዳዊው ብሩስ ጎንደር የገባው በ1770 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ራስ ሚካኤል ስሑልንና እቴጌ ምንትዋብን በቅርብ አውቋቸዋል። ዘመነ መሳፍንት ሲጀምር ቤተ መንግሥቱ ውስጥ የነበረውን ሽኩቻ፣ ጦርነቱን፣ ግብሩን በዝርዝር ጽፎታል። እኔ ደጋግሜ የማነበው ይህን ክፍል ነው። ለታሪካችን ትልቅ ሀብት ነው።

ሎንደን ሲመለስ ግን ብዙዎች አላመኑትም። ጥሬ ሥጋ ይበላሉ ማለቱ ብቻ መሳለቂያ አደረገው። ቁርጥ ለእኛ ብርቅ አይደለም፤ ለእነሱ ተረት ነበር። ታዋቂው ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን እንኳ ተጠራጥሮታል። ብሩስ ተቀይሞ ቆየ፤ አምስቱን ቅጽ ያሳተመው በ1790 ነው።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ግሽ ዓባይ የደረስኩ የመጀመሪያው አውሮፓዊ እኔ ነኝ አለ። ስፔናዊው ጴጥሮስ ፓኤዝ ግን በ1618 ደርሶ ነበር። ይባስ ብሎ አብሮት ግሽ የሄደውን ጣሊያናዊ ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒን ከጉዞው በፊት ሞቷል ብሎ ጻፈ። ይሄን ይቅር ማለት ይከብደኛል። ሰውየው ጎንደር ላይ የሞተው ከግሽ ከተመለሱ በኋላ ነው።

መጽሐፈ ሄኖክን በግዕዝ ወደ አውሮፓ የወሰደውም ብሩስ ነው፤ በ1821 የታተመው የእንግሊዝኛ ትርጉም የተሠራው እሱ ካመጣቸው ቅጂዎች በአንዱ ነው።