ወደ ሱ ፎልስ ከመዛወርዎ በፊት፦ የሜትሮው ቁጥር የማንን ኑሮ ይናገራል?

እህቴ፣ ከሜሪላንድ ወደ ሱ ፎልስ፣ ሳውዝ ዳኮታ ለመዛወር እያሰቡ መሆንዎን ጽፈዋል። የሜትሮው (ከተማውና ዙሪያው ተደምረው የሚቆጠሩበት አካባቢ) የነፍስ ወከፍ ገቢ ጥሩ መሆኑን፣ የክፍለ ግዛት የገቢ ግብር አለመኖሩንም አንብበው፣ «ብቻዬን የማሳድጋቸውን ሁለት ልጆች ይዤ ብመጣ ያዋጣኛል ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። እዚህ መኖር ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። እኔም ቁጥር አንብቤ ነው የመጣሁት። ቁጥሩ ትክክል ነበር፤ ምን እንደሚቆጥር ግን አልገባኝም ነበር።

ሜትሮ ማለት ከተማ ይመስለኝ ነበር። አሠራሩ ግን ካውንቲን (እንደ ወረዳ ያለ አስተዳደርን) ከካውንቲ መግጠም ነው። ቢያንስ 50 ሺህ ሰው የሰፈረበት እምብርት ይያዝና፣ ሠራተኛው በብዛት ወደዚያ የሚመላለስበት ጎረቤት ካውንቲ ከነእርሻው ይጨመርበታል። እ.ኤ.አ. በ2020 ቆጠራ ሱ ፎልስ ከተማ 192,517 ሰው ነበራት፤ ያኔ ሜትሮው የነበሩት ሚኔሃሃ፣ ሊንከን፣ ማኩክና ተርነር የተባሉት አራት ካውንቲዎች ተደምረው ደግሞ 276,730። ተርነር ከዚህ ውስጥ 8,673 ሰው ብቻ ነው ያለው፤ ሌላው የበቆሎና የአኩሪ አተር ማሳ ነው። እኔም «ያው ሜትሮ ውስጥ ነው» ብዬ፣ ኪራዩ ረክሶ ስላገኘሁት፣ እዚያ ባለች ትንሽ ከተማ ቤት ያዝኩ። መኪና አልነበረኝም፣ አውቶቡስም የለም። አንድ የአገሬ ልጅ ማልዶ እየመጣ የምሠራበት ሥጋ ማቀነባበሪያ በር ላይ ያደርሰኝ ነበር። በጥር በረዶው መንገዱን ሲዘጋው ፈረቃዬ ያልፋል፣ ደመወዜም ይቆረጣል። በኪራይ ያተረፍኩትን በእጥፍ ከፈልኩበት። ልጆች ይዘው ይህን እንዳያዩት እለምንዎታለሁ።

ከተማው ማደጉ እውነት ነው። ከ2010 እስከ 2020 ሳውዝ ዳኮታ በጠቅላላ 72,487 ሰው ጨምራለች፤ ከዚያ ውስጥ 48,469ኙ፣ ማለትም ሁለት ሦስተኛው፣ በእነዚህ አራት ካውንቲዎች የተጨመረ ነው። ሊንከን ብቻውን 45 በመቶ አድጓል። ሥራው የበዛው፣ ቤትም የተወደደው ለዚህ ነው። ስለዚህ የክፍለ ግዛቱን አማካይ ኪራይ አይመኑ፤ በሰው እጦት የሚዘጉ የገጠር ከተሞችም እዚያ አማካይ ውስጥ አሉ።

ወደ ገቢው ልምጣ፣ ብዙዎቻችንን ያሳሳተን እርሱ ነውና። የነፍስ ወከፍ ገቢ ደመወዝ ብቻ አይደለም። የአክሲዮን ትርፍ፣ የባንክ ወለድ፣ የቤት ኪራይ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት ማኅበራዊ ዋስትና) ክፍያ፣ አሠሪው ለጤና መድን የሚያዋጣው ሳይቀር ይደመርና ሕፃን ሽማግሌ ሳይለይ ለሁሉም ይካፈላል። የባለ ሰፊ እርሻው ገቢም እዚያው ነው፤ የበቆሎ ዋጋ ሲወጣ ይወጣል፣ ሲወርድ ይወርዳል። የእርስዎ የሰዓት ክፍያ ግን በበቆሎ ዋጋ አይነሳም።

ሚዲያን የሚባለው የቤተሰብ ገቢ ይሻላል፤ ቤተሰቦች ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ቢሰለፉ መሀል ላይ የሚቆመው ነውና ጥቂት ሀብታሞች አያዛቡትም። እርሱም ቢሆን በአንድ ጣሪያ ሥር ያለውን ሁሉ ይደምራል። አንድ ዓመት የቆጠራ መሥሪያ ቤቱ መጠይቅ ለእኛ ደረሰን። ሦስት ወንደላጤዎች ነበርን፣ ሁላችንም ትርፍ ሰዓት እንሠራለን። ሞልተን ስንደምረው ድምሩ የደላው ቤት አስመሰለን። በእርስዎ ቤት ግን አንድ ደመወዝ፣ ሦስት አፍ ነው።

ግብሩን በተመለከተ፣ በሜሪላንድ ለክፍለ ግዛቱም ለካውንቲውም የሚከፍሉት የገቢ ግብር እዚህ ይቀርልዎታል፤ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ነገር ግን እዚያ ቀረጥ የሌለበት የቤት አስቤዛ እዚህ ይቀረጣል። የክፍለ ግዛቱ 4.2 በመቶ ከከተማው 2 በመቶ ጋር ተደምሮ፣ 100 ዶላር የሚያወጣ ዱቄት፣ ዘይትና ወተት 106 ዶላር ከ20 ሳንቲም ይሆናል። በ2024 ቀረጡን ለማንሳት ሐሳብ ቀርቦ ሕዝቡ በድምፁ ጣለው።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ደመወዙንና የሥራ ሰዓቱን በጽሑፍ ሳይዙ አይነሱ። ቤት ሲፈልጉ «ሜትሮ» የሚለውን ይተዉና ከሥራ ቦታዎና ከልጆቹ ትምህርት ቤት ያለውን ርቀት ይለኩ። መኪና ከሌለዎት ከከተማው ወሰን አይውጡ። የቀረበልዎትን የሰዓት ክፍያና ያዩትን ኪራይ እዚህ ይጻፉልን፤ የሕፃናት መዋያውን ጨምረን አብረን እናሰላዋለን።