መልስ፦ ከመኪና አደጋ በኋላ ስለ ካሳ ሲደራደሩ የኢንሹራንስ ኩባንያው የካሳ ሠራተኛ «ኃላፊዬን ላስፈቅድ» ማለቱ እውነት ነው?

በአብዛኛው እውነት ነው። የካሳ ሠራተኛው በራሱ የሚወስንበት የገንዘብ ጣሪያ አለው፤ ከዚያ ካለፈ ፋይሉ ወደ ኃላፊው ይሄዳል። እርስዎ የማያዩት ሌላ ቁጥርም አለ፦ አደጋው እንደተመዘገበ ኩባንያው ይከፈልበታል ብሎ የሚይዘው መጠባበቂያ። ይህ ቁጥር በልመና አያድግም፤ በወረቀት ነው። «ወገቤን ያመኛል» ማለት ብዙም አይመዝንም። የሐኪም ማስረጃ፣ የራጅ ውጤት፣ ከሥራ የቀሩባቸውን ቀናት የሚገልጽ የአሠሪ ደብዳቤ ሲገባ ግን ሠራተኛው ኃላፊው ፊት የሚያቀርበው ነገር ያገኛል። የመኪናውን ጥገና ለብቻው ያስጨርሱ፤ ሰነዱ የአካል ጉዳቱንም አብሮ እንዳይዘጋው ግን አንብበው ይፈርሙ። የመጀመሪያው ቼክ ፈጥኖ የሚመጣው፣ በእኔ ግምት፣ ሕክምናው ሳያልቅ እንዲፈርሙ ነው። ከፈረሙ በኋላ ሕመሙ ቢብስ ፋይሉን ማስከፈት እጅግ ከባድ ነው።