የልጅነታችን የጌም ፊልሞች ዛሬም ይታያሉ ወይ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ተመችቶኛል። መልሴ ረዘም ቢል አትፍረድብኝ። ላላነበባችሁት ነገሩ እንዲህ ነው። ጠያቂያችን የ14 ዓመት ልጅ አለው። ልጁ ፕሌይስቴሽን ላይ ሞርታል ኮምባት ይጫወታል። አባት ደግሞ በቪዲዮ ቤት ዘመን ያያቸውን የስትሪት ፋይተርና የሞርታል ኮምባት ፊልሞች ከልጁ ጋር እቤት ቁጭ ብሎ ሊያያቸው አስቧል። «ዛሬም ይታያሉ ወይስ ትዝታዬን ነው የማበላሸው? ከየቱ ልጀምር? የትኛውን ቅጂ ልፈልግ?» ይላል።

(የቪዲዮ ቤት ዘመን ስል የፈረንጆቹን 90ዎቹ ነው። በእኛ ከ1982 እስከ 1992 ገደማ መሆኑ ነው። ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ናቸው።)

ባለፈው ክረምት እንደገና አየኋቸው። አንዳንዱን በአሮጌ ካሴት፣ አንዳንዱን በዲቪዲ፣ አንዳንዱን በብሉሬይ። ይታያሉ። ያኔ እኛ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፦ ቫንዳም አለበት? ካራቴ አለበት? አለቀ። አሁን ሲታዩ ግን ልዩነታቸው ፍጥጥ ብሎ ይወጣል። የጌሙን ልብስና የጌሙን ስም መቅዳት ማንንም አላዳነም። ሁለት ሰው ፊት ለፊት አቁሞ በደንብ ያደባደበው ነው ዕድሜ ያገኘው።

ስለዚህ በ1995ቱ ሞርታል ኮምባት ጀምር። ዳይሬክተሩ እንግሊዛዊው ፖል አንደርሰን ነው፤ ያኔ ገና ሁለተኛ ፊልሙ ነበር። ታሪኩን አላወሳሰበውም። ደሴት አለ፣ ውድድር አለ፣ የእኛ ተፋላሚዎች ከተሸነፉ ምድር አለቀላት። ብሩስ ሊ በ1973 ደሴት ሄዶ የተፋለመበትን ፊልም ያየ ሰው አካሄዱን ወዲያው ይለየዋል። ጌሙ ራሱ የተወለደው ከእንደዚያ ዓይነት ፊልሞች ነው። ወደ ፊልም ሲመለስ ብዙ ማስተካከል አላስፈለገውም።

ከእኛ ተፋላሚዎች ዋናውን፣ ሊዩ ካንግን የሚጫወተው ሮቢን ሹ የሆንግ ኮንግ ተወላጅ ነው፤ እዚያው በድብድብ ፊልሞች ተፈትኖ የመጣ። ሥራውን ያውቃል። ፊልሙ ተቀርጾ ካለቀ በኋላ ለሙከራ ተመልካች ሲያሳዩት ሰዉ «ድብድቡ አነሰን» አለ። ተመልሰው ጨመሩ። ሊዩ ካንግ እንሽላሊት መሰል ከሆነው ጠላቱ ከሬፕታይል ጋር የሚፋለምበት ትዕይንት የመጣው እንዲያ ነው፤ ያቀናበረውም ሮቢን ሹ ነው። ያን ትዕይንት ከልጅህ ጋር በደንብ እዩት። ርግጫው ሲነሳም ሲያርፍም ይታያል። ዛሬ ብዙ ፊልም አንዷን ቡጢ አምስት ቦታ ቆራርጦ ነው የሚያሳየን፤ ማን ማንን እንደመታ እስክንለይ ትዕይንቱ ያልቃል።

የተቀረጸበት ቦታም ረድቶታል። የደሴቱ የውጭ ትዕይንቶች የተቀረጹት ታይላንድ ነው፤ አዩታያ ካሉት የጥንት ቤተ መቅደሶች ጭምር። እውነተኛ ድንጋይ አያረጅም። በኮምፒውተር የተሠራው ግን አርጅቷል። ሬፕታይል ገና ወደ ሰው ሳይለወጥ፣ እንሽላሊት ሆኖ ግድግዳ ላይ ሲርመሰመስ ልጅህ መሳቁ አይቀርም። ይሳቅ። ባለ አራት እጁ ተፋላሚ ጎሮ ሲመጣ ግን ዝም ይላል ብዬ አስባለሁ፤ እሱ ሰው የሚለብሰው፣ ፊቱና ትርፍ እጆቹ በማሽን የሚንቀሳቀሱ እውነተኛ ግዙፍ ነገር ነው። ተዋናዮቹ አጠገብ የቆመ፣ ጥላ የሚጥል አካል ነው፤ ዓይን ያምነዋል።

ሙዚቃውን አንተ ረስተኸው ከሆነ ጆሮህ አልረሳውም። ቤልጂየማዊዎቹ ዘ ኢሞርታልስ የሠሩት ነው። ያ «ሞርታል ኮምባት!» የሚለው ጩኸት ሲመጣ ድምፁን ጨምር፤ ጎረቤት ይቅር ይልሃል።

ልጁን የሚያስደንቀውን አንድ ነገር ልንገርህ። በጌሙ ውስጥ ወንጀለኛው ካኖ አውስትራሊያዊ አነጋገር አለው አይደል? ያ የመጣው ከዚህ ፊልም ነው። ትሬቨር ጎዳርድ ካኖን በዚያ አነጋገር ተጫወተው፣ የጌሙ ሰዎችም ወደዱትና ወሰዱት። ሌላው ደግሞ ደሙ ነው። የ1992ቱ ጌም በደሙ ምክንያት በ1993 የአሜሪካ ሴኔት ድረስ አነጋግሯል። በማግስቱ ዓመት ለጌሞች የዕድሜ ደረጃ የሚሰጥ ተቋም የተመሠረተውም በዚያ ግፊት ነው። ፊልሙ ግን ከ13 ዓመት በላይ ላሉ እንዲሆን ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ደም የለበትም ማለት ይቻላል። ልጅህ ዛሬ እጁ ላይ ካለው ጌም አንጻር የሕፃን ፊልም ነው የሚመስለው። ስለዚህ በዚህ በኩል አትጨነቅ።

አሁን ወደ ቫንዳም። በ1994 የገና ሰሞን የወጣው ስትሪት ፋይተር በእኛ ቪዲዮ ቤቶች ምን እንደነበረ ታውቀዋለህ። አክተሩ ቫንዳም ከሆነ ሌላ ማስታወቂያ አያስፈልግም ነበር። እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። የሞርታል ኮምባት ፈጣሪዎች ኤድ ቡንና ጆን ቶባያስ መጀመሪያ ጌማቸውን በቫንዳም ዙሪያ ሊሠሩት ፈልገው ነበር። ሳይሳካ ቀረ። ከጌሙ ተፋላሚዎች አንዱን፣ ጆኒ ኬጅን በእሱ አምሳል ፈጠሩት፤ ያቺ እግሩን ሰንጥቆ ቁጭ ብሎ ታች የሚመታት ምት የቫንዳም ናት። ሰውየው ራሱ ግን ሄዶ የተፎካካሪው ጌም ፊልም ውስጥ ገባ።

ፊልሙን የጻፈውም ያዘጋጀውም ስቲቨን ዴ ሱዛ ነው፤ በ80ዎቹ ትልልቅ የአክሽን ፊልሞችን የጻፈ ሰው። የድብድብ ጌም ተሰጥቶት የጦርነት ፊልም ሠራበት። ውድድሩን አወጣው። ታንክ፣ ጀልባ፣ ታጋች፣ ዩኒፎርም አስገባ። በጌሙ ዋናው ሰው ሪዩ ነው፤ እዚህ ከጓደኛው ከኬን ጋር ሆኖ ሰው እያታለለ የሚበላ ተራ አጭበርባሪ ሆኗል። ሪዩና ከክፉዎቹ ወገን የሆነው ቬጋ በሽቦ አጥር ውስጥ ሊፋለሙ ይገባሉ። ሕዝቡ ይጮኻል። ቬጋ ጭምብሉን አድርጓል። አሁን ገና ፊልሙ ጀመረ ስትል ጋይል (ቫንዳም የሚጫወተው የጦር መኮንን) በብረት ለበስ ግድግዳውን ጥሶ ይገባና ድብድቡ ይቀራል። እኔ በዚህ ትዕይንት ዛሬም እናደዳለሁ። የፊልሙ በሽታ በሙሉ እዚያች ላይ አለ። የተዋናዮቹም ጥፋት አይደለም፤ ቀረጻው ታይላንድና አውስትራሊያ ውስጥ በጥድፊያ የተሠራ ነበር፣ ለመለማመድ በቂ ጊዜም አላገኙም።

ታዲያ ለምን እየው እላለሁ? ለራውል ጁሊያ። የፊልሙን ክፉ አምባገነን፣ ጄኔራል ባይሰንን የሚጫወተው ፖርቶሪኳዊ። ከኒው ዮርክ የቲያትር መድረክ የመጣ፣ ሼክስፒርን ደጋግሞ የተጫወተ ሰው ነው። ሥራውን የተቀበለው ልጆቹ ጌሙን ስለሚወዱት እንደሆነ ይነገራል። ሲቀረጽ በካንሰር ታሞ ነበር። ጉንጩ ገብቷል፤ ዩኒፎርሙ ውስጥ ሰውነቱ ቀጥኗል። በጥቅምት 1994፣ ፊልሙ ሲኒማ ሳይገባ፣ በ54 ዓመቱ አረፈ። መጨረሻ ላይ ስሙን ጠርተው ይሰናበቱታል። ይህን ሳናውቅ ነው ያኔ ያየነው።

ይህን አውቀህ ስታየው ሐዘን ብቻ እንዳይመስልህ። ሰውየው እየተደሰተ ነው የሚጫወተው! ሌሎቹ «የልጆች ፊልም» ብለው ሲያልፉት እሱ እያንዳንዱን ቃል እንደ ንጉሥ ይናገረዋል። ከጀግኖቹ አንዷ ቹን ሊ አባቷን እንዴት እንደገደለባት ስትነግረው የሚመልስላትን ጠብቅ። ለአንቺ የሕይወትሽ ትልቁ ቀን ነበር፣ ለእኔ ግን ተራ ማክሰኞ ነበር ይላታል፤ ያውም በትሕትና። የራሱን ገንዘብ አሳትሞ ምንዛሪውን የሚወስንበት መንገድም አለ፦ የእንግሊዝን ንግሥት አግቶ አንዱን የባይሰን ዶላር በ5 ፓውንድ ማስመንዘር። የእኛን የምንዛሪ ወሬ ለለመደ ጆሮ ይህ ልዩ ሳቅ አለው።

ፊልሙ ከሰረ የሚሉ ሰዎችንም አትመን። 35 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት በዓለም ዙሪያ ወደ 99 ሚሊዮን አስገብቷል። ሃያሲዎቹ ናቸው የቀጠቀጡት።

የቅጂውን ነገር በተመለከተ፣ ስትሪት ፋይተርን በካሴት አትየው። ፊልሙ በጣም ሰፊ ምስል ያለው ነው። ለድሮ ቴሌቪዥን ሲያዘጋጁት ግራና ቀኙን ቆርጠውታል። ከአሥር በላይ ገጸ ባሕርያት አንድ ክፍል ውስጥ የሚያጭቅ ፊልም ላይ ጎንና ጎኑ ሲቆረጥ ማን ለማን እንደሚያወራ አይለይም። በሰፊ ስክሪን የወጣውን ዲቪዲ ወይም ብሉሬይ ፈልግ። የዴ ሱዛ ማብራሪያ ያለበትን ዲቪዲ ካገኘህ ደግሞ እሱን ያዝ። ሞርታል ኮምባት ይህን ያህል ሰፊ ስላልሆነ በካሴትም ብዙ አይጎዳም። ካሴት ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የምትል ከሆነ ግን ከአሜሪካ ዘመድ የላከውን ተጠንቀቅ። የእነሱ የቴሌቪዥን ምስል አሠራር ኤንቲኤስሲ ነው፣ የእኛ ፓል። ሁለቱንም የማያነብ ማጫወቻ ላይ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ወይም እየተንሸራተተ ይመጣብሃል።

ሌላ ያልጠየቅኸኝን ልጨምር። ጃፓኖች በዚያው በ1994 የሠሩት የስትሪት ፋይተር 2 አኒሜሽን አለ፤ ዳይሬክተሩ ጊሳቡሮ ሱጊ ነው። ድብድብን ብቻ ብታወዳድር ከሁሉም ይበልጣል። ለምቱ ትክክለኛነት የኬ-1 ኪክቦክሲንግ ውድድር መሥራች ካዙዮሺ ኢሺዪንና ስዊዘርላንዳዊውን ካራቴካ አንዲ ሁግን አማክረዋል። ቹን ሊ አፓርታማዋ ውስጥ ከቬጋ ጋር የምትፋለመው ስታይ ስዕል መሆኑን ትረሳዋለህ፤ ሶፋውም ግድግዳውም ይደቃል። ነገር ግን የተለያየ ቅጂ አለው። ያልተቆረጠው ደምም የመታጠቢያ ቤት እርቃንም አለበት። አንተ መጀመሪያ ለብቻህ እየው፣ ከዚያ ለልጁ የተቆረጠውን ስጠው።

የ1997ቱ ሁለተኛው ሞርታል ኮምባት? ልጁ «ተከታዩስ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ከዋናዎቹ ተዋናዮች የተመለሱት ሮቢን ሹና ታሊሳ ሶቶ ናቸው። የነጎድጓድ አምላኩን ራይደንን ሌላ ሰው ይጫወተዋል፤ ጆኒ ኬጅም ፊልሙ ገና ከመጀመሩ ይሞታል። ከዚያ በኋላ ገጸ ባሕርይ ይመጣል፣ ስሙን ይናገራል፣ ሌላውን ይመታል ወይም ራሱ ተመትቶ ይወድቃል፣ ይሄዳል። የመጀመሪያው 122 ሚሊዮን ዶላር ሲያስገባ ይህ 51 ሚሊዮን አካባቢ ላይ ቆመ። ገንዘብ አውጥተህ አትግዛው። ልጁ ከጠየቀህ ዩቲዩብ ላይ ቁርጥራጮቹን አሳየው፣ ይበቃዋል።