ክሪፕቶ ይጠቅማል ወይ ለምትሉኝ ልጆች

ልጆቼ፣

የ2017 የደመራ ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። ችቦው ተደምሯል፣ እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ አደባባዩ ይወጣሉ። ስድስት የሰፈራችን ወጣቶች ግን የግንብ አጥር ተደግፈው ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል። ለወራት በቴሌግራም ጨዋታ ስክሪን እየነካኩ ያጠራቀሙት የክሪፕቶ ሳንቲም፣ በኢንተርኔት ብቻ ያለ ገንዘብ፣ ገበያ የሚወጣው በዚያ ቀን ነበር። አንደኛው የጎረቤቴ ልጅ ነው፤ ሌሊት በማንቂያ ደወል እየተነሳ ይነካ እንደነበር እናቱ ነግራኛለች። ማታ ደመራው ሲለኮስ ምን አገኘህ አልኩት። ያገኘው ለአንድ ወር የሞባይል ካርድ የሚበቃ ብር ነው። አላለቀሰም፤ ግን እሳቱ ሳይወድቅ ወደ ቤቱ ገባ። በማግስቱ መጥቶ፣ "ጋሼ፣ ይሄ ነገር በቃ ቁማር ነው ማለት ነው? ወይስ እውነት የሚሠራው ሥራ አለ?" አለኝ።

እሱ ብቻ አይደለም የሚጠይቀኝ። 31 ዓመት ባንክ ቤት በሐዋላ ክፍል ስለሠራሁ፣ ገንዘብ ከአገር አገር እንዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ ብላችሁ ታምናላችሁ። ስለዚህ ከማውቀው ልጀምር።

በወጣትነቴ ገንዘብ ከውጭ የሚመጣው በቴሌክስ ነበር። ማሽኑ ወረቀቱን ያወጣል፤ ለእገሌ ይህን ያህል ዶላር ክፈሉ ይላል። ያን መልእክት በእርግጥ ያ ባንክ እንደላከው በምን ይታወቃል? ካዝና ውስጥ የሚቆለፍ አንድ ደብተር ነበረን። ለወሩ አንድ ቁጥር፣ ለቀኑ ሌላ፣ ለገንዘቡ ዓይነትና ለመጠኑ ደግሞ ሌላ ቁጥር ከሠንጠረዡ እያወጣን በእርሳስ እንደምራለን። ድምሩ ቴሌክሱ ላይ ከሰፈረው ቁጥር ጋር ከገጠመ ይከፈላል። በአንድ እንኳ ከተለየ፣ ተቀባዩ መስኮቱ ላይ ቆሞ እያየን፣ አይከፈልም። "ቴስት ማድረግ" እንለው ነበር። ላኪውም ተቀባዩም ባንክ ያንኑ ደብተር መያዝ ነበረባቸው፤ ሥርዓቱ በሙሉ የቆመው በሁለት የተቆለፉ ካዝናዎች ላይ ነው።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣውን፣ ቢትኮይን የተባለውን ክሪፕቶ ያስተዋወቀውን ዘጠኝ ገጽ ጽሑፍ በልጄ እገዛ አነበብኩት። ሦስት ጊዜ ነው የደጋገምኩት። የማይተዋወቁ ሰዎች፣ በመካከላቸው ባንክ ሳይኖር፣ የተቆለፈ ደብተር ሳይኖር፣ ማን ለማን እንደከፈለ የሚስማሙበትን፣ አንዱ ሳንቲም ሁለት ጊዜ እንዳይከፈል የሚጠብቁበትን መንገድ አሳይቷል። ይህ እኛ ዕድሜያችንን ያሳለፍንበት ችግር ነው። ነገሩ ባዶ ነው የሚሉ የዕድሜ እኩዮቼ ብዙ ናቸው፤ እኔ አልስማማም።

ችግር መፍታት ግን ሰው መጥቀም ማለት ላይሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. የካቲት 2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር፣ የዩክሬን መንግሥት የክሪፕቶ አድራሻውን ለዓለም አወጣ፤ በቀናት ውስጥ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ገባለት። ባንኮች በጦርነት በተጨነቁበት ሰዓት፣ በእሑድ ቀን፣ ከየትም አገር የሚገባ ገንዘብ ነው። ዮርዳኖስ ውስጥ ባለው የአዝራቅ መጠለያ ደግሞ የዓለም የምግብ ፕሮግራም ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሶሪያ ስደተኞች የሚሰጠውን የምግብ ገንዘብ በብሎክቼይን፣ በሰንሰለት በተያያዘ ዲጂታል መዝገብ፣ መዝግቧል። ሴትየዋ ሱቁ ገብታ ዘይቷንና ስኳሯን አንስታ ዓይኗን ለካሜራ ታሳያለች፣ ሒሳቡ ይቀነሳል። ካርድ የላትም፣ የባንክ ደብተር የላትም። ይህን ሥራ ግን መዝገቡን የሚያስተዳድረው ድርጅት በተራ ዳታቤዝም ሊሠራው ይችል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ስደተኛዋን የጠቀማት ምግቡ በጊዜው መድረሱ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ኤል ሳልቫዶር ናት። እ.ኤ.አ. መስከረም 2021 ቢትኮይንን ከዶላር እኩል ሕጋዊ መገበያያ አደረገች። መንግሥት መተግበሪያውን ለሚያወርድ ዜጋ ሁሉ 30 ዶላር የሚያወጣ ቢትኮይን ሰጠ። ከአገሪቱ ምጣኔ ሀብት አንድ አምስተኛውን ያህል አሜሪካ ያሉ ልጆቿ የሚልኩት ገንዘብ ነው፤ ተስፋው የመላኪያው ወጪ ይቀራል የሚል ነበር። ብዙዎቹ 30 ዶላሩን ተጠቅመው መተግበሪያውን ተዉት። በ2023 እ.ኤ.አ. ከመቶ ዶላር ሐዋላ በክሪፕቶ የገባው አንድ ዶላር አካባቢ ነው። ጥር 2025 እ.ኤ.አ. ላይ ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር ከተደረሰው የብድር ስምምነት በኋላ፣ ነጋዴው የመቀበል ግዴታው ተነሣለት።

ለምን ሆነ? በመስኮት በኩል 31 ዓመት ያየሁትን ልንገራችሁ። ሐዋላ የምትቀበል እናት ያን ቀን የምትከፍለው የቤት ኪራይ አለባት። ልጇ 100 ዶላር ልኮላት ነገ 85 ሆኖ የሚያድር ገንዘብ አትፈልግም፤ 120 ይሆን ይሆናል ብትሏትም አትፈልግም። ክሪፕቶ በእውነት የጠቀማቸው ሰዎች ሁሉ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፦ ዋጋው የሚዋዥቀውን ሳንቲም ይዘው አላደሩም። ተቀበሉት፣ አሳለፉት፣ ወደ እህልና ወደ ኪራይ ለወጡት። ዋጋው ይወጣል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው። ስለዚህ አንድ ሰው "ይህ ሳንቲም ዓለምን ይጠቅማል፣ ስለዚህ ግዛው" ሲላችሁ፣ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ግን ከመጀመሪያው አይወለድም። ቢትኮይን ከ21 ሚሊዮን አይበልጥም የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ጥቂት መሆን ብቻውን ጠቃሚ አያደርግም።

ለዚህም ነው እንደ አርጀንቲናና ናይጄሪያ የገንዘባቸው ዋጋ በሚወድቅባቸው አገሮች ሰው በብዛት የሚይዘው ከዶላር ጋር የታሰሩትን፣ እነ ዩኤስዲቲን፣ የሆነው። እነርሱ እንዲወጡ አይጠበቅም፤ ሥራቸው ባሉበት መቆም ነው። ነገር ግን ከኋላቸው ያለውን እዩ። ቴራ የተባለው ከኋላው ዶላር አልነበረውም፤ ግንቦት 2022 እ.ኤ.አ. በቀናት ውስጥ ወደቀ፣ ከእህት ሳንቲሙ ጋር ወደ 40 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዋጋ ይዞ ጠፋ። ዩኤስዲሲ የተባለው ሌላው ግን ዶላር ነበረው፤ ከመጠባበቂያው 3.3 ቢሊዮን ዶላሩ አሜሪካ ባለው በሲሊከን ቫሊ ባንክ ተቀምጦ ስለነበር ባንኩ መጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. ሲወድቅ አንዱ ከ0.90 ዶላር በታች ወረደ፣ ያገገመው የአሜሪካ መንግሥት ለአስቀማጮቹ ዋስ ከሆነ በኋላ ነው። ባንክን ያስቀራል የተባለው ነገር፣ ለሰው ጥቅም በሰጠበት ቦታ፣ ተመልሶ ባንክ ውስጥ ተገኘ።

ወደ አገራችን ልምጣ። ቤሩትና ዱባይ ያሉ እህቶቻችሁ በባንክ መላክ ለምን ይሸሹ ነበር? እስከ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ድረስ ባንክ ለአንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ሲሰጥ፣ ጥቁር ገበያው ከ100 ብር በላይ ይሰጥ ስለነበር ነው። ልጅቱ የሰው ቤት ስታጥብ ውላ ካገኘችው ግማሽ የሚጠጋው እየቀረባት በእኔ መስኮት ላኪ ማለት ይከብድ ነበር፤ ዛሬም ሳስበው ያመኛል። ያ ችግር የምንዛሪ ችግር ነበር። ምንም ዓይነት ሳንቲም አይፈታውም፤ ሳንቲሙም በመጨረሻ ወደ ብር መቀየር አለበትና።

ሌላው የእኛ ድርሻ ማይኒንግ ነው፤ ኮምፒውተሮች የቢትኮይንን መዝገብ እያረጋገጡ አዲስ ሳንቲም የሚያገኙበት ሥራ። ማሽኖቹ ከግድቦቻችን ኃይል ይገዛሉ፣ የሚከፍሉትም በውጭ ምንዛሪ ነው። ይህ እውነተኛ ገቢ ነው፣ የኤሌክትሪክ ሽያጭ ገቢ። ገና መብራት ያልገባለት ስንት የገጠር ቤት እያለ እስከ መቼ መቀጠል አለበት የሚለው ክርክር ግን ተገቢ ነው፤ ኤሌክትሪክ ኃይልም በኋላ ለአዳዲሶች ፈቃድ መስጠቱን አቁሟል።

ሕጉንም እወቁ። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕጋዊ እንዳልሆነ፣ የአገሪቱ መገበያያ ብር መሆኑን አስታውቋል። በቴሌግራም ፒቱፒ፣ ማለትም ሰው ለሰው በቀጥታ፣ ስትለዋወጡ ሐሰተኛ የክፍያ ስክሪንሾት ልኮ ሳንቲማችሁን የሚወስድ ሰው ቢገጥማችሁ፣ ማንን ከስሳችሁ ምን ብላችሁ ታመለክታላችሁ? ባንክ ቤት የተሳሳተ ክፍያ ሲፈጠር ስልክ አንስቼ ያስመለስኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። እዚህ የሚደወልለት የለም። የዋሌታችሁ፣ የክሪፕቶ ቦርሳችሁ፣ መክፈቻ 12 ቃላት ከጠፉ ገንዘቡ ጠፋ፤ ለሌላ ሰው ከነገራችሁ የእሱ ሆነ። የእቁብ ብር፣ የእናት ብር፣ የትምህርት ብር ወደዚህ አታስገቡ።

ትምህርቱን ግን አትተዉት፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው። የጎረቤቴ ልጅ ባለፈው እሑድ መጥቶ ነበር። ወረቀትና እርሳስ አወጣሁና የቴሌክሱን ቴስት አሳየሁት፤ ወሩን፣ ቀኑን፣ መጠኑን ደምረን፣ ከዚያ 500ውን 600 አድርገን ድምሩ እንዴት እንደሚፈርስ አየን። እሱ ደግሞ ስልኩን አውጥቶ ስሙን ሻ-256 በተባለው፣ ቢትኮይን መዝገቡን በሚያረጋግጥበት ስሌት አስገባ፤ 64 ፊደልና ቁጥር ተደርድሮ ወጣ። ከስሙ አንዲት ፊደል ቀየረ። ከመጀመሪያው ጋር የማይመሳሰል ሌላ ረድፍ መጣ። "አንዷን ብቻ እኮ ነው የነካሁት ጋሼ" አለኝ፤ ያቺን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተና፣ ሠንጠረዡን ማን እንደሠራው ይጠይቀኝ ጀመር።