«ሪቻርጀብል» እና «ቻርጀብል» አንድ ናቸው?

አይደሉም። «ሪ» እንደገና፣ «ኤብል» የሚቻል ማለት ስለሆነ «ሪቻርጀብል» ሲያልቅ ደግሞ ቻርጅ የሚደረግ ነው። ከስም በፊት ይገባል፦ «ሪቻርጀብል ባትሪ»። «ቻርጀብል» ግን ባብዛኛው የገንዘብ ቃል ነው፤ ውል ላይ ካየኸው «ክፍያ የሚጠየቅበት» ብለህ ተርጉመው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

የያዝከው ባትሪ ድንጋይ ቻርጅ ይደረግ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ፣ «ሪቻርጀብል» የሚለውን ቃል ከላዩ ፈልግ። 1.2 ቮልትና «ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ» የሚል ካለበት ለሱ በተሠራ ቻርጀር ይሞላል። «አልካላይን» ብቻ ከሆነ፣ ቻርጀሩ ውስጥ ልክ ቢገባም አትሰካው! ጋዝ ውስጡ ይጠራቀምና ጫፉ ተከፍቶ ቆዳ የሚያቃጥል ፈሳሽ ያወጣል። ሊፈነዳም ይችላል። ፈሳሹ ደርቆ የሚተወው ነጭ ዱቄትም ቆዳ ሊጎዳ ይችላልና በባዶ እጅ አትንካው።