ጂሙን አትተዪው፣ ኪሎ እንዲቀንስልሽ ግን አትጠብቂው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። ከወለድሽ ዓመት አልፏል፣ ልጅሽ ጡት ትቷል፣ ጂም ከገባሽ ሦስት ወር ሆኖሻል፣ ሚዛኑ ግን 75 ላይ ቆሟል። «ስፖርቱን ላክብደው ወይስ ትቼው ምግብ ልቀንስ?» ነው ያልሽው። ከስር «በርቺ፣ ላብሽ ጠብ ይበል» የሚል መልስ ሲደረደር ሳይ ደሜ ፈላ። ለእኔም የተነገረኝ ይኸው ነበር። ከሁለተኛ ልጄ በኋላ 86 ኪሎ ደርሼ ነበር። ዛሬ 69 ነኝ፤ ከወረድኩ ቆይቻለሁ፣ አልተመለሰም። ውሃ ጠጪ፣ በጊዜ ተኚ የሚለውን እዘለዋለሁ። እሱን ታውቂዋለሽ።

1. ኪሎ የሚወርደው ማዕድ ቤት ነው። ሂሳቡን እዪው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። ያንቺ ክብደት ያላት ሴት አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጠን ፈጠን ብላ ብትራመድ የምታቃጥለው 300 ካሎሪ አካባቢ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ደግሞ 120 ካሎሪ አለው። የሰዓቱ ልፋትሽ በሁለት ማንኪያ ተኩል ዘይት ተመልሶ ገባ ማለት ነው። ትሬድሚሉ ላይ የሚወጣውንም ቁጥር አትመኚው፤ ብዙውን ጊዜ አብዝቶ ነው የሚቆጥረው።

2. ዘይቱን ለኪ። እኛ ቤት ዋናው ጉድ የተገኘው እዚህ ነው። አራት ሰው ነን፤ በወር አንድ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ያልቅ ነበር። አንድ ሊትር ዘይት ከ8,000 ካሎሪ በላይ ነው። ለአራት አካፍዪው። ለአንድ ሰው በቀን ከ300 ካሎሪ በላይ፣ በዘይት ብቻ! ልጆቹ ትንሽ ስለሚበሉ የእኔና የባለቤቴ ድርሻ ከዚያም ይበልጣል። ቅቤው ገና አልተቆጠረም። አንቺም እንደ እኔ እንደምትሆኚ እገምታለሁ። አራስ ቤት ገንፎው በቅቤ፣ አጥሚቱ በማር ይለመዳል። ክርስትናው ያልፋል፣ አመሉ ግን አብሮ ይከርማል።

3. ጂም የዓመት አትክፈዪ። ይህን ባጭሩ ልጽፈው ነበር፣ አልሆነልኝም። ስሙን የማልጠራው አንድ ጂም ገብቼ አሰልጣኙ «በሦስት ወር 15 ኪሎ አወርድልሻለሁ» አለኝ። የዓመቱን አንዴ ከከፈልሽ ቅናሽ አለው ተባልኩና ከፈልኩ። ለልጆቹ ትምህርት ቤት ካስቀመጥኩት ላይ ነው ያወጣሁት። ከዚያ በኋላ ምን እንደምበላ የጠየቀኝ ሰው የለም። አንድም ቀን! ስቲም ያስገቡኛል፣ ስወጣ ሚዛን ላይ ያወጡኛል፣ «አየሽ፣ አንድ ኪሎ ሄደ» ይሉኛል። የሄደው ውሃ ነው እኮ! ቤት ገብቼ ስጠጣ ይመለሳል። እዚያው የሚሸጡት ጁስ ደግሞ አለ፤ አቮካዶ በስኳርና በማር፣ «ኃይል ይሰጣል» እየተባለ። ሚዛኑ እምቢ ሲል አሰልጣኙ የማቅጠኛ ሻይ ሸጠልኝ። ሆዴን ከማስቀመጥ በቀር የሠራው ነገር የለም። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ሻዮች ሰናመኪ የሚባል ሆድ የሚያስቀምጥ ቅጠል አለባቸው። የሚያስወጡት ውሃ እንጂ ስብ አይደለም።

ልጄ ታሞ ስቀር «ቀኑን ያዙልኝ» ብዬ ለመንኩ፣ አይሆንም ተባልኩ። «እንግዲያው የቀረውን ብር መልሱልኝ» ስል የደረሰኙን ጀርባ አሳዩኝ። በደቃቅ ፊደል «የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም» ይላል። እንግዳ ተቀባይዋ ሰው ፊት «እትዬ፣ ማታ ማታ ቤትሽ የምትበዪውን እኛ አናይልሽ» አለችኝ። ያንን እኮ በመጀመሪያው ቀን ነበር መንገር የነበረባቸው! ኪሎው ከምበላው እንደሚመጣ ያውቃሉ፤ ብሬን ሲቀበሉ ግን ዝም። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። አንቺ በየወሩ ክፈዪ።

ስፖርት ብቻውን ለምን እንደማያወርድ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው፣ እኔው አንብቤ። ከስፖርት በኋላ ይርብሻል። ደክሞሻልና ቀሪውን ቀን ሶፋ ላይ ትውያለሽ። ሰውነትም ራሱ ይቆጥባል። ታንዛኒያ ውስጥ ሃድዛ የሚባሉ፣ በአደንና ከዱር በሚለቅሙት የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ከእኛ ጋር ሲነጻጸር ቀኑን ሙሉ በእግራቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ የሰውነት መጠን ታስቦ ሲሰላ በቀን የሚያቃጥሉት ጠቅላላ ካሎሪ ከአሜሪካውያንና ከአውሮፓውያን አይበልጥም። ይህን ሳነብ ያ ሁሉ ትሬድሚል ላይ የጠፋ ሰዓት ትዝ አለኝና አለቀስኩ።

ጾም ያቀጥነኛል ብለሽም እንዳትዘናጊ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ እኔ የምወፍረው ግን በጾም ነበር። ሥጋና ቅቤው ይቀራል፣ ሽሮው በዘይት ይጥለቀለቃል። ጾሙ ሲፈታ ፓስቲና ሳምቡሳ፣ ማታ ፓስታ በዳቦ። ጾሙ ለነፍስ ነው። ኪሎውን ለብቻው አስቢለት።

እኔ ያደረግኩት ይኸውልሽ። ሽንኩርቱን በውሃ አበስለዋለሁ፤ ዘይቱ በማንኪያ ተለክቶ በኋላ ይገባል። ጀሪካኑ አሁን ከሁለት ወር በላይ ይቆያል፣ ወጡም ይጥማል፣ ባለቤቴ ልዩነቱን አላወቀውም። ከሙሉ እንጀራ ወደ ግማሽ ወረድኩ፤ በምትኩ ትሪው ላይ ጎመን፣ ሰላጣና ምስሩ በዛ። ጠዋት ዳቦ በሻይ ቀርቶ እንቁላል ሆነ፤ እስከ ምሳ ድረስ ይይዘኛል። ሻይ ያለ ስኳር። በቀን አራት ስኒ፣ በስኒው ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ 190 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ሆድ እንኳ አይሞላም። ቡና ላይ የሚቀርበው ለውዝም ቀላል እንዳይመስልሽ፤ 100 ግራሙ ከ550 ካሎሪ በላይ ነው።

ከሁሉም የከበደኝ የልጆቹ ትራፊ ነው። ምግብ መድፋት ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። እናት ደግሞ ቁጭ ብላ ሳትበላ፣ ከዚህም ከዚያም ሳህን ስትለቃቅም ሌላ ምሳ በልታ ትነሳለች። አሁን ለልጆቹ በትንሽ በትንሹ አቀርባለሁ፣ ካነሳቸው እጨምራለሁ፣ የተረፈው ፍሪጅ ይገባል። አማቴ ደግሞ «በሞቴ» እያሉ ሲያጎርሱኝ እምቢ አልልም፣ እወዳቸዋለሁ። አንዷን ጉርሻ ተቀብዬ ቡና ላፈላ እነሳለሁ። አንቺም መነሻ አዘጋጂ፤ ተቀምጠሽ የሚያድንሽ የለም።

ታዲያ ስፖርቱ ምን ይሠራል? ብዙ። ምግብ ብቻ ስትቀንሺ ከስቡ ጋር ጡንቻም ይሄዳል። ክብደት ስታነሺና በቂ ፕሮቲን ስትበዪ፣ እንቁላል፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ወተት፣ ጡንቻሽ ይተርፋል። የደም ግፊቱ፣ ስኳሩ፣ እንቅልፉ የሚስተካከለው ሚዛኑ ባይነቃነቅም ነው። ደግሞ የወረደው ኪሎ እንዳይመለስ የሚይዘው እሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ በቴሌቪዥን የማቅጠን ውድድር የተካፈሉ 14 ሰዎችን ከ6 ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች አገኟቸው። አብዛኞቹ መልሰው ወፍረዋል። ሰውነታቸው በዕረፍት ጊዜ የሚያቃጥለውም ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ያህል ያነሰ ነበር። ቀጥነው የቆዩት በብዛት እንቅስቃሴያቸውን የጨመሩት ናቸው። ስለዚህ ተርበሽ በአንድ ወር 10 ኪሎ ልጣል አትበዪ። እኔ በወር ሁለት ኪሎ ገደማ ነው የወረድኩት፣ የማልወርድበትም ወር ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ከዚያ በተጨማሪ ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ነው። እኔ ጠዋት ከጎረቤቴ ጋር እስከ መገናኛ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ብር አልከፍልበትም። አንቺ የከፈልሽው ወር ካለ አታቃጥዪው። ስቲሙን ተዪና ክብደት ማንሻው ጋ ሂጂ። ሴት ብረት ካነሳች ወንድ ትመስላለች የሚሉሽን አትስሚ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ዘይቱን ለክተሽ፣ ስኳሩን ትተሽ፣ ሁለት ወር ቆይተሽም ካልቀነሰ፣ በተለይ ብርድ ብርድ የሚልሽ፣ ፀጉርሽ የሚረግፍ፣ ድካም የማይለቅሽ ከሆነ፣ የታይሮይድ፣ አንገት ላይ ያለችውን ሆርሞን የምታመነጭ እጢ፣ ምርመራ አድርጊ። ከወሊድ በኋላ የታይሮይድ ሆርሞን የሚያንሳቸው ሴቶች አሉ፤ በደም ምርመራ ይታወቃል፣ መድኃኒትም አለው። ሐኪሙ «ወልደሽ ነው፣ ይተውሻል» ብሎ ሊሸኝሽ ቢሞክር «ምርመራው ይታዘዝልኝ» ብለሽ ቁጭ በዪ።