ሐሺሽና ጽንስ፦ ጠይቁኝ

ጅማ ውስጥ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ስለ ሐሺሽና እርግዝና የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ስም አልጠየቅኩም።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ጭሱ የሚገባው ሳንባዬ ውስጥ ነው። ልጁ ጋ እንዴት ይደርሳል?

መልስ፦ በደምሽ። የሚያጦዘው ንጥረ ነገር ቲኤችሲ ይባላል። ከሳንባ ወደ ደም ይገባል፣ የእንግዴ ልጁንም አልፎ ጽንሱ ጋ ይደርሳል። ሰውነታችን ራሱ ቲኤችሲን የሚመስሉ ንጥረ ነገሮች ይሠራል። እነዚህም የጽንሱ የአንጎል ሴሎች የት እንደሚቀመጡና ከየትኛው ሴል ጋር እንደሚያያዙ በመምራት ያግዛሉ። ቲኤችሲ ሲመጣ መሪውን ይቀማቸዋል።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ እያጨሰች ወለደች። ልጇ ምንም አልሆነ።

መልስ፦ እሰይ! ግን ሲወለዱ ብዙ ጊዜ የሚታየው የክብደት ማነስ ነው። ሌላው ጣጣ ትምህርት ቤት ሲገቡ ይመጣል። ካናዳ ኦታዋ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1978 የተጀመረው ጥናት ልጆቹን እስኪያድጉ ተከታትሏል፤ የትኩረትና የማስታወስ ችግር አግኝቷል። ሁሉም ልጅ ግን እንዲህ ይሆናል ማለት አይደለም። ሐሺሽ የሚያጨሱ እናቶች ብዙ ጊዜ ሲጋራም ስለሚያጨሱ፣ የቱ ምን እንዳደረገ መለየት ያስቸግራል።

ጥያቄ፦ ማርገዜን ሳላውቅ አጭሻለሁ። አለቀልኝ?

መልስ፦ አላለቀልሽም፣ እህቴ። አሜሪካ ውስጥ ከ11 ሺህ በላይ ልጆች የታዩበት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት አለ። የባህርይና የትኩረት ችግር በዛ ብሎ የታየው እናቶቻቸው ማርገዛቸውን ካወቁ በኋላም በቀጠሉት ልጆች ላይ ነው። ሳያውቁ አጭሰው ያቆሙት እናቶች ልጆች፣ ሌሎች ምክንያቶች ከተጣሩ በኋላ፣ ካላጨሱት ልጆች አልተለዩም። ስለዚህ ዛሬውኑ አቁሚ።

ጥያቄ፦ ማቅለሽለሹ ሊገድለኝ ነው። ሁለቴ ሳብ ሳደርግ ይለቀኛል።

መልስ፦ ደረቅ ዳቦ ከአልጋ ሳትነሺ ቅመሺ። ዝንጅብልም ይረዳል። ውሃ እንኳን አልረጋ ካለሽ ሐኪም ቤት ሂጂ፤ ለነፍሰ ጡር የሚሰጥ መድኃኒት አለ። በነገራችን ላይ ሐሺሽ ሲበዛ ራሱ ያስታውካል።

ጥያቄ፦ ጫትስ?

መልስ፦ ጅማ ሆነን ይሄ ባይጠየቅ ይገርመኝ ነበር! ጫት ሌላ ነገር ነው፤ የሚያነቃው ካቲኖን ነው። የደም ሥር ያጠባል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ከሕፃን ክብደት ማነስ ጋር ተያይዟል። እሱንም ተዪው።

ጥያቄ፦ ከወለድኩ በኋላስ?

መልስ፦ እያጠባሽ? አይሆንም። ቲኤችሲ ስብ ይወዳል፤ ከማጨስሽ እስከ 6 ቀን ድረስ በጡት ወተት ውስጥ ተገኝቷል።

ጥያቄ፦ ለሐኪም ብናገር ፖሊስ ይጠራብኛል?

መልስ፦ እኔ አንድም ቀን ጠርቼ አላውቅም። ለክትትል ስትመጪ በሩን ዝጊና ንገሪኝ።